ልጁ ከክፍል አይውጣ፦ ወላጅና ት/ቤት ሲጋጩ መፍትሔው ከወዴት ነው?



ልጅን ወደ መንግሥት ት/ቤት መላክ አማናን በሌላ እጅ ማኖር ነው። ወላጅ በእምነቱና በሥነ ምግባሩ ኮትኩቶ ያሳደገውን ልጅ ማለዳ ያስረክባል። ት/ቤቱ ደግሞ የሁሉንም ሃይማኖት ልጆች በአንድ ደንብ ሥር ሰብስቦ ያስተምራል። ሁለቱም የሚያስቡት ለዚያው ለአንድ ልጅ ነው። ይሁንና አስተሳሰባቸው የሚለያይበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ግጭት ይነሣል። ግጭት መነሣቱ ራሱ አያስደንቅም። የሚያሳዝነው ሁለቱ ታላላቆች ሲካረሩ ልጁ ከበር ውጭ ቆሞ መቅረቱ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ሙስሊም ተማሪዎች እንዳይገቡ ተከለከሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምዝገባ ጊዜ ደርሶ ነበርና ከ150 በላይ የሚሆኑ ልጃገረዶች ፎርም ሳይሞሉ ቀሩ። ጉዳዩ ከት/ቤት ግቢ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት አመራ፤ ፍርድ ቤቱም በጥር ወር ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ አዘዘ። ጥር 13 ቀንም በመቐለ ከተማ ሰላማዊ ሰልፍ ተካሄደ። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ለቤተሰቦቹ ትልቅ እፎይታ ነበር። ዳሩ ግን ለ12ኛ ክፍል ተማሪ የታኅሣሥና የጥር ወራት ከዓመቱ ሁሉ የከበዱ ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት ያለፈውን ትምህርት የትኛውም ፍርድ ቤት በትእዛዝ ሊመልስ አይችልም።

እኛ በቆቦና በራያ ቆላ ያለን መምህራንና ወላጆች ከዚህ ምን እንማር? በዚህ ጽሑፍ ልንል የፈለግነው አንድ ነገር ነው፦ ክርክሩ የታላላቆች ነው፤ ጊዜው ግን የልጁ ነው። ስለዚህ በማናቸውም ግጭት ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ልጁን ክፍል ውስጥ ማቆየት፣ ሁለተኛው ደግሞ መከራከር ይሁን።

ጥርጣሬው ከየት መጣ?

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ መቐለ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ በዙሪያዋ የማሽላ ሜዳ ተዘርግቷል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ የሚገበያዩባት፣ በሠርግና በሐዘን የሚጠራሩባት፣ አልፎም የሚዋለዱባት አገር ናት። በዚህች አገር በሃይማኖት ስም በት/ቤት በር ላይ መጣላት ለማንም አይመችም።

ያም ሆኖ በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ በመንግሥት ት/ቤት ላይ የቆየ ጥርጣሬ መኖሩን መካድ አይቻልም። መነሻውም ባዶ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ያልተለያዩ ስለ ነበሩ በየመንደሩ «ልጄ አስኳላ ከገባ ከዲኑ ይወጣል» የሚል አባት ጥቂት አልነበረም። የሙስሊሙ በዓላት በብሔራዊ ደረጃ ስለማይከበሩ የዒድ ቀን ለሙስሊሙ ልጅ የት/ቤት ቀን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተካሄደው ታላቅ ሰልፍ ጥያቄዎች አንዱም ይኸው የበዓላት ጉዳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወቁ። ይህ ሁሉ ከተለወጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የአያት ፍርሃት ግን ከልጅ ልጅ ሲተላለፍ ይኖራል። አንድ መምህር በሰልፍ ላይ የተናገራት ችኩል ቃል ያንን ያደረ ፍርሃት ትቀሰቅሳለች።

በዚህ ላይ የቅርቡ መከራ ተጨመረ። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፋለች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ በርካታ ት/ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። እንግዲህ የራያ ልጅ ያለ ማንም ጥፋት ዓመታት ያለፉበት ልጅ ነው። ለእርሱ «እስኪታረቁ ድረስ ቤት ይቆይ» የሚባል ሦስት ሳምንት እንደ ቀላል ሊታይ አይገባም።

የጨርቅ ጉዳይና የመርሕ ጉዳይ

ቁርኣን ቤት ቀርተን፣ በመንግሥት ት/ቤትም ተምረን፣ ዛሬ ጠመኔ ይዘን የቆምን መምህራን ሁለቱንም ወገን ከውስጥ እናውቃለን። ባየነው መጠን ሁሉም ግጭት አንድ ዓይነት አይደለም። ከርቀት ሲታይ የሃይማኖት ጠብ የመሰለው ቀርበው ሲያዩት የድህነት፣ የሰዓት ወይም የወሬ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። በዚያው ልክ ከርቀት ተራ የደንብ ጉዳይ የመሰለው እውነተኛ የእምነት ጥያቄ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሁለቱን ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። ስማቸውን ሳንጠቅስ ያየናቸውን ጥቂት ጉዳዮች እናንሣ።

በቆላው በአንድ ት/ቤት አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ በጥቁር ትልቅ ሻሽ ተሸፍና መጣች። የት/ቤቱ ደንብ ከዩኒፎርሙ ጋር አንድ ቀለም ያለው ሻሽ ይፈቅዳል፤ ጥቁሩ ግን ከደንብ ውጭ ነው ተብሎ ከበር ተመለሰች። አባቷ ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። «ሒጃብ ከከለከሏት ትቅር፤ ቁርኣኗን ትቅራ፣ ይበቃታል» አሉ። ር/መምህሩም በበኩላቸው «ደንብ ለማፍረስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው» አሉ። መስጊድ ውስጥ ተወራ፤ ገበያም ላይ ተወራ። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና አመለጣት። በመጨረሻ አንዲት ሴት መምህር ቤታቸው ሄደው ልጅቷን ራሷን ጠየቋት። ለካ በቤት ውስጥ ያለው የዩኒፎርም ሻሽ አንድ ብቻ ኖሯል! እርሷና ታናሽ እህቷ አንዷ በጠዋት ፈረቃ፣ ሌላዋ በከሰዓት ፈረቃ ስለሚማሩ ሲቀያየሩበት ቆይተዋል። ሁለቱም በአንድ ፈረቃ ሲመደቡ ግን ታላቂቱ የእናቷን ሻሽ ለብሳ መጣች። ያ ሁሉ ጠብ የአንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ ጉዳይ ነበር። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ስለ እርሷ ያልተናገረ ሰው አልነበረም፤ እርሷን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ጉዳይ የማሽላ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው እሸት ሲይዝ የወፍ መንጋ ይወርድበታል፤ ልጆችም ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ። ት/ቤቱ «ይህን ያህል ቀን ቀርቷል፤ ይሰናበታል» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። አንድ አባት የዚህ ዓይነት ደብዳቤ ደርሷቸው ሲመጡ «መምህር፣ ወፉ እንደሆነ ፈተና አለ ብሎ አይታገሰኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ልጁን ካሰናበቱት ግን ወፉ በኅዳር ይሄዳል፤ ልጁም አብሮ ይሄዳል። እዚያ ት/ቤት የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር። ወንድማማቾቹ በተለያየ ፈረቃ እንዲመደቡ ተደረገ፤ በማማው ላይም በየተራ ዋሉ። ያመለጠውን ፈተናም ልጁ በሌላ ቀን ተፈተነ። አባትየውም ከመከር በኋላ አንድም ቀን እንዳያስቀሩት በሽማግሌ ፊት ቃል ገቡ።

ሦስተኛው የጁሙዓ ሰዓት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 እረፍት አለው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ግን ኹጥባው በሚነበብበት ሰዓት ክፍል ይገባል። ልጁ ሲቀር «ጠፋ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ወላጅ ደግሞ «ለሶላት ሄዶ እንዴት እንደ ወሮበላ ይቆጠራል?» ይላል። እዚህ ላይ ጥያቄው የእምነት ጥያቄ ነው። ቢሆንም በሰዓት ሊፈታ ይችላል። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ አሳጥሮ የከሰዓቱን ፈረቃ ማዘግየት ነው። ማንም ትምህርት አያመልጠውም፤ ክርስቲያኑም ተማሪ የሚጎዳበት ነገር የለም።

እንዲህ ባሉት ጉዳዮች የሚያስፈልገው ሕግ ጠቃሽ ጠበቃ አይደለም። ቤት ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው። የአክሱሙ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እዚያ የተነሣው «ራሷን የሸፈነች ልጅ ት/ቤት መግባት ትችላለች ወይስ አትችልም?» የሚል የመርሕ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ በጨርቅ ስጦታ አይፈታም፤ ሕጉን ማወቅ ይጠይቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለሁለቱም ወገን የሚናገረው አለው። በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ር/መምህራን ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ወላጆች የሚጠቅሱት ደግሞ አንቀጽ 27ን ነው። እርሱም የሃይማኖትና የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት በሃይማኖትና በመልካም ሥነ ምግባር የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይገልጻል።

እነዚህ አንቀጾች እርስ በርስ የሚጣሉ መስለው የሚታዩት አንዱን ይዞ ሌላውን ለሚተው ሰው ነው። አብረው ሲነበቡ ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይናገራሉ። ከሃይማኖት ነጻ እንዲሆን የታዘዘው ትምህርቱ፣ መጽሐፉ፣ መምህሩ በክፍል የሚሰጠው ቃልና የት/ቤቱ አስተዳደር ነው። ተማሪዋ እምነቷን በር ላይ አውልቃ እንድትገባ የታዘዘችበት ቦታ የለም። በአንጻሩም አንቀጽ 27 እምነትን የመግለጽ ነጻነት ገደብ ሊደረግበት እንደሚችል ያመለክታል፤ ይህም የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሥነ ምግባርና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በሚወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ ፈታኝ የተፈታኟን ማንነት ለማወቅ ፊቷን ማየት ሲፈልግ ምክንያት አለው። ራሷን ስለሸፈነች ብቻ ከፈተና የሚያስቀር ሰው ግን ምክንያቱን ከሕግ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት አንቀጽ 36 አለ። ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ በቅድሚያ መታሰብ ያለበት የልጁ ደኅንነትና ጥቅም መሆኑን የሚያዝ ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ልጁ ስለ ራሱ ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመሰማት መብት እንዳለው ይናገራል። የጥቁር ሻሿ ልጅ ያጣችው ይህንን ነበር።

ከሌሎች አገሮች የምንማረው

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሉተን ከተማ ዴንቢ የሚባል ት/ቤት ነበር፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቹም ሙስሊሞች ነበሩ። ት/ቤቱ ወላጆችንና የአካባቢውን መስጊዶች አማክሮ የሻልዋር ቀሚስ ዩኒፎርምና የራስ መሸፈኛ ፈቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ተማሪ ይህ አይበቃኝም፣ ረጅም ጂልባብ ልልበስ አለች፤ ት/ቤቱም አልተቀበለም። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተጉዞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 በመጨረሻው ችሎት ለት/ቤቱ ተፈረደ። ልጅቷ በዚህ መካከል ሁለት ዓመት ያህል ከትምህርቷ ተስተጓጉላለች። ት/ቤቱን ከረዱት ነገሮች አንዱ ደንቡን ሲያወጣ ወላጆችንና መስጊዶችን አስቀድሞ ማማከሩ ነበር።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ በኢሲዮሎ ግዛት በሚገኝ፣ በቤተ ክርስቲያን በሚደገፍ አንድ የመንግሥት ት/ቤት የሒጃብ ክርክር እ.ኤ.አ. በ2014 ተነሣ። አንደኛው ፍርድ ቤት ከለከለ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታው የቀረበበት ሥርዓት ትክክል አይደለም ሲል የይግባኙን ውሳኔ ሻረ፤ ለት/ቤቶች መመሪያ እንዲወጣም አሳሰበ። ልብ በሉ፤ ከ4 ዓመት በላይ የተደከመበት ጉዳይ በአቤቱታ አቀራረብ ምክንያት ወደ ኋላ ተመለሰ። ክርክሩ ሲጀመር ሁለተኛ ደረጃ ላይ የነበሩት ልጃገረዶች በዚያን ጊዜ ት/ቤቱን የሚጨርሱበት ዘመን አልፎ ነበር። ፍርድ ቤት መሄድ መብት ነው፤ አስፈላጊ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን የፍርድ ቤት ሰዓትና የልጅነት ሰዓት እኩል አይሄዱም።

ከታሪካችን የምንማረው

የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው «መልሱልን» ሲሉ ነጃሺ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹን አስጠርቶ ቃላቸውን ሰማ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ.) በንጉሡ ፊት ሲቆም አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ማን እንደ ነበሩ፣ ምን እንደ ተለወጠላቸው፣ ለምን ወደዚህ አገር እንደ መጡ በቅደም ተከተል አስረዳ። ከት/ቤት ጋር ለሚነጋገር ወላጅ ከዚህ የተሻለ አርአያ የለም።

በሑደይቢያ ስምምነት ጊዜም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰላሙ እንዲጸና ሲሉ በውሉ ላይ የማዕረግ ስማቸው እንዲፋቅ ፈቅደዋል። በዲናቸው አልተደራደሩም፤ በአጻጻፉ ግን ታገሡ። ሻሿ የዩኒፎርሙ ቀለም ይኑራት ሲባል እምነት ተነካ የሚል አባት ይህንን ታሪክ ያስታውስ።

በሀገራችን ባህልም መንገዱ አልጠፋም። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ አስቀምጦ የደም ጠብ ሳይቀር ያበርዳል። የሰው ሕይወት የጠፋበትን የሚያስታርቅ አገር የሻሽና የሰዓት ጉዳይ እንዴት ያቅተዋል?

ደረጃ በደረጃ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ልጁን ራሱን ጠይቁ። ሳይቆጡ፣ ለብቻው፣ ሳይቸኩሉ። ቀጥሎም መምህሩን ጠይቁ። ብዙ ቤት ወላጅ ማንበብ ስለማይችል የት/ቤቱን ደብዳቤ የሚያነብለት ልጁ ራሱ ነው፤ የወላጁንም መልስ ለመምህሩ የሚያደርሰው እርሱ ነው። ልጅ ደግሞ ቁጣ ሲፈራ ከዚህም ከዚያም ጥቂት ቃል ያስቀራል። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ።

ሁለተኛ፦ ልጁን ከክፍል አታስወጡ። ት/ቤቱ ከመለሰውም በዚያው ቀን ሂዱና ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ በክፍል እንዲቆይ ጠይቁ። ይህ ካልተቻለ ደብተሩን ከጓደኛው እየወሰደ ይጻፍ፤ ፈተና ካለ ቀኑን በጽሑፍ አስመዝግቡ።

ሦስተኛ፦ ደንቡን በዓይናችሁ እዩ። «ደንብ ነው» ሲባል የተጻፈውን ደንብ አሳዩን በሉ። የተጻፈ ደንብ፣ የአንድ ሰው ትእዛዝና ወሬ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አራተኛ፦ ወደ ወመተህ አቅርቡ። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት የተቋቋመው መዋጮ ለመሰብሰብ ብቻ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራርና የሕዝብ ተሳትፎ መመሪያ ወላጆች በት/ቤት አስተዳደር ድርሻ እንዲኖራቸው አድርጓል። ሙስሊም ወላጆች በኅብረቱ ምርጫ ቀን እየቀረን በጠብ ቀን ብቻ መገኘታችን አይበጀንም። እናቶችም ይመረጡ፤ ስለ ልጆቹ የቅርቡን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

አምስተኛ፦ ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል የከበረ ነው። ይሁን እንጂ ር/መምህር ይዛወራል፤ አዲሱ ሲመጣ «እኔ አላውቅም» ይላል፤ ጠቡም እንደ ገና ይነሣል። የተፈረመበት፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ከሰው ጋር አይዛወርም። ቅጂውን ወላጅም ይያዝ።

ስድስተኛ፦ በዚህ ካልተፈታ ወደ ላይ ሂዱ። ወደ ወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት፣ ከዚያ ወደ ዞኑ መምሪያ፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ትምህርት ቢሮ በጽሑፍ አመልክቱ። ማመልከቻው አጭር ይሁን፦ ምን ሆነ? መቼ? ማን ምን አለ? ምን እንዲደረግ ትጠይቃላችሁ? በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን፣ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ደግሞ የመብት ጥሰትን ይመለከታሉ። በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም እስከ ታች መዋቅር ስላለው የመርሕ ጉዳይ ሲሆን ብቻችሁን አትቁሙ። ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው። የፈተና ምዝገባ ቀን የሚያልፍ ከሆነ ግን ጊዜያዊ እግድ ለመጠየቅ አትዘግዩ።

ለመምህራንና ለወጣቶች

መምህራን ወንድሞችና እኅቶች፤ ደንብ አስከባሪ መሆናችን መልካም ነው። ነገር ግን ልጅን በሰልፍ ፊት፣ በጓደኞቿ መካከል ስለ አለባበሷ መናገር ደንብ ማስከበር አይደለም፤ ማዋረድ ነው። ለብቻዋ ጠርተን ብንጠይቃት የምናጣው ነገር የለም። ለወላጅም ወንበር እንስጥ። ከእርሻው ተነሥቶ ሁለት ሰዓት በእግሩ የመጣ አባት በዘበኛ በኩል መልስ ተሰጥቶት ሊመለስ አይገባም። ሙስሊም መምህራን ደግሞ ድልድይ እንሁን እንጂ የአንድ ወገን ጠበቃ አንሁን። የክርስቲያኑ ልጅ ወላጅ ቅሬታ ይዞ ሲመጣም በዚያው ፊት እንቀበለው።

ወጣቶች ሆይ፤ ስልክ በየኪሱ ባለበት በዚህ ዘመን የአንዲት ልጅ ፎቶ በሩ ላይ ቆማ ተነሥቶ በደቂቃ ውስጥ አገር ሊያዳርስ ይችላል። ጩኸቱ ሲበርድ እናንተ ሌላ ወሬ ትከተላላችሁ፤ እርሷ ግን ነገም እዚያው ት/ቤት፣ እዚያው መምህር ፊት ትቀመጣለች። ሳትፈቅድ ፎቶዋን አታውጡ። መርዳት ከፈለጋችሁ ያመለጣትን ትምህርት አስጠኗት። የእናንተ ጉዳይ ከሆነም በትሕትና ተናገሩ፤ የቤት ሥራችሁን ሠርታችሁ ሂዱ። ትምህርቱን የሚያከብር ተማሪ መብቱን ሲጠይቅ ይደመጣል።

እናቶችና አባቶች፤ ልጃችሁ ፊት ለፊት ከመምህሩ ጋር አትጣሉ። በአንድ በኩል ዲኑን፣ በሌላው በኩል ት/ቤቱን አቁማችሁ «ምረጥ» አትበሉት። ቁርኣን ቤትና አስኳላ በአንድ ልጅ ውስጥ ተስማምተው መኖር እንደሚችሉ በቆቦ ብዙ ምስክር አለ፤ ጠዋት ሉሕ፣ ከሰዓት ደብተር ይዘው ያደጉ ዛሬ ሐኪምም፣ መሐንዲስም፣ መምህርም ሆነዋል። ያ ዕድል የተገኘው ወላጆቻቸው አንድም ቀን ከት/ቤት ጋር ስላልተጋጩ አይደለም። ተጋጭተዋል፤ ግን ልጆቻቸውን ከክፍል አላስወጡም።

አሏህ (ሱ.ወ) ለልጆቻችን የሚጠቅም ዕውቀት ይስጣቸው፤ ለእኛም የመስማትና የመታገሥ ልብ ይስጠን። አሚን።